የባድሜንተን ጥንድ ተጫዋችነትን ሙያ ለማድረግ ለሚያስቡ ወጣቶችና ወላጆች

በዓለም አቀፍ የባድሜንተን ውድድር ከሚካሄዱት አምስት ዘርፎች መካከል ሦስቱ፣ ማለትም የወንዶች ጥንድ፣ የሴቶች ጥንድና ድብልቅ ጥንድ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጫወቱባቸው ናቸው። የስፖርቱ አንጋፋ ውድድር ኦል ኢንግላንድ እ.ኤ.አ. በ1899 ለንደን ውስጥ ሲጀመር የተካሄደው በጥንድ ብቻ ነበር፤ የነጠላ ውድድር የተጨመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመኖችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ይህ ሆኖ ሳለ በርካታ ወጣቶችና አሠልጣኞች ዛሬም ድረስ ጥንድ ጨዋታን በነጠላ ያልቀናው ሰው መጠጊያ አድርገው ያዩታል። ይህ አመለካከት ብዙ ተሰጥኦ አባክኗል ብዬ አምናለሁ። ጥንድ ጨዋታ የራሱ ስልት፣ የራሱ የሥልጠና ሥርዓትና የራሱ የሙያ ጉዞ ያለው ሲሆን፣ ከነጠላው የሚለየውም ከሁሉ በላይ በአንድ ነገር ነው፤ የተጫዋቹ ደረጃ፣ ገቢ፣ የውድድር ዕድል፣ አንዳንዴም የስንብቱ ቀን ሳይቀር ከአጣማሪው ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ምት ስልት የሚገባውን ያህል ከተናገረ በኋላ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለአጣማሪ ጉዳይ ነው።

ወደ ጥንድ ጨዋታ መቼ መዞር ይገባል?

እስከ 15 ወይም 16 ዓመት ዕድሜ ድረስ ሁለቱንም መጫወት ይመረጣል። ነጠላ ጨዋታ የእግር አሠራርን፣ ትዕግሥትንና ብቻን ሆኖ ሜዳውን በሙሉ የመሸፈን አቅምን ስለሚያስተምር፣ በልጅነቱ ነጠላ ያልተጫወተ ሰው ከጊዜ በኋላ በጥንድ ጨዋታ ላይ ጉድለቱ መታየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን ምርጫው ግልጽ መሆን አለበት፤ ከፍተኛው እርከን ላይ ሁለቱንም በእኩል ደረጃ ይዞ መዝለቅ ዛሬ ከሞላ ጎደል የማይቻል ሆኗል።

ምርጫውን የሚወስነው ቁመት ሊሆን አይገባም። ኢንዶኔዥያውያኑ ኬቨን ሳንጃያ ሱካሙልጆና ማርከስ ፈርናልዲ ጊዲዮን ከ170 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቁመት ይዘው በ2017 እና በ2018 ኦል ኢንግላንድን አከታትለው አሸንፈዋል፤ ለዓመታትም የወንዶች ጥንድ አንደኞች ሆነው ቆይተዋል። የእነርሱ ኃይል ከመረቡ አጠገብ በሚታየው የእጅ ፍጥነታቸውና የተጋጣሚን ራኬት አስቀድሞ በማንበብ ችሎታቸው ላይ የተመሠረተ ነበር። አንድ ልጅ ለጥንድ ጨዋታ የተፈጠረ መሆኑን ለማወቅ አሠልጣኙ ሊመለከታቸው የሚገቡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ልጁ ፈጣንና ጠፍጣፋ ምት ሲመጣበት ወደ ኋላ ይሸሻል ወይስ ራኬቱን ከፊቱ ይዞ ይጠብቃል? አጣማሪው ሲሳሳት ፊቱ ይጠቁራል ወይስ ለሚቀጥለው ነጥብ ይዘጋጃል? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው እኩል ክብደት አለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምቶች

ጥንድ ጨዋታ በአብዛኛው የሚወሰነው በሰርቭ (ነጥቡን በሚያስጀምረው ምት)፣ በሰርቩ መልስና እርሱን ተከትሎ በሚመጣው ሦስተኛ ምት ነው። ባለሙያ ለመሆን የሚያስብ ሰው ስማሹን፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚመታውን ኃይለኛ ምት፣ ከማጠንከሩ በፊት በእነዚህ ሦስቱ ላይ ብዙ ሰዓት ማፍሰስ አለበት።

ስለ ሰርቭ ደንቡን በሚገባ ይወቁ። ከ2018 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው አሠራር መሠረት ሻትሉ (ባለ ላባው መጫወቻ) በሚመታበት ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ከመሬት 1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት። መረቡ በመካከሉ 1.524 ሜትር፣ በምሰሶዎቹ በኩል ደግሞ 1.55 ሜትር ከፍታ አለው፤ የአጭር ሰርቭ መስመር ከመረቡ 1.98 ሜትር ይርቃል። ይህ ማለት ሻትሉ ከመረቡ ከፍታ በታች ተመትቶ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ መረቡን ለጥቂት አልፎ ወዲያውኑ መውረድ ይኖርበታል ማለት ነው። ተቀባዩ ራኬቱን ወደ ላይ አንሥቶ መስመሩ ጫፍ ላይ ስለሚጠብቅ፣ ሻትሉ ከመረቡ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ካለ ነጥቡ እዚያው ሊያልቅ ይችላል። ለልምምድ ከመረቡ በላይ አንድ ክር በአግድም ወጥረው ሻትሉን በክሩና በመረቡ መካከል ለማሳለፍ ይሞክሩ፤ ክሩንም ከሳምንት ወደ ሳምንት ዝቅ ያድርጉት። ልምምዱን ሰውነትዎ ሲደክምም ይድገሙት፤ ምክንያቱም በውድድር ላይ በሦስተኛውና በመጨረሻው ጌም (የግጥሚያው ክፍል) 19 እኩል ሲሆን የሚመታው ሰርቭ የሚመታው በደከመ እጅ ነው። አጭሩ ሰርቭ ከተስተካከለ በኋላ በተመሳሳይ የእጅ አነሣሥ ሻትሉን ከተቀባዩ ራስ በላይ አሻግሮ ወደ ኋላ የሚልከውን ፈጣን ሰርቭ ይጨምሩበት። በ2023 ጥቂት ተጫዋቾች ሻትሉን በጣት አሽከርክረው በመልቀቅ ሰርቭ መምታት ጀምረው የነበረ ቢሆንም፣ የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን በዚያው ዓመት ስላገደው ጊዜዎን በእርሱ ላይ አያባክኑ።

የሰርቭ ተቀባይ ሻትሉ ሳይመታ እግሩን ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ፍጥነቱ የሚመነጨው ከእግር አቋሙና ከአስቀድሞ ውሳኔው ነው። ሻትሉ ከመጣ በኋላ ማሰብ ከጀመሩ ዘግይተዋል። መልሱን ወደ ሰርቭ መቺው ሰውነት፣ በሁለቱ ተጋጣሚዎች መካከል ወዳለው ክፍተት ወይም ከጎን መስመሩ አጠገብ ወደሚገኘው የሜዳ አጋማሽ መላክ ይቻላል። ሦስተኛው ምት የሰርቭ መቺው ወገን ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰርቭ የመታው ሰው መረቡን ሲጠብቅ አጣማሪው የቀረውን ሜዳ ይይዛል። ሁለቱ እነዚህን ሦስት ምቶች እንደ አንድ እንቅስቃሴ አድርገው በየቀኑ አብረው መለማመድ አለባቸው እንጂ እያንዳንዱ ለየብቻው ሰርቩን ቢያሠለጥን በቂ አይሆንም።

አቋቋምና መተካካት

በማጥቃት ጊዜ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ፣ በመከላከል ጊዜ ደግሞ ጎን ለጎን መቆም መሠረታዊው ሥርዓት ነው። ይህን ማንም ጀማሪ በአንድ ቀን ይማረዋል፤ አስቸጋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት ቅጽበት ነው። ሻትሉን ወደ ላይ ያነሣ ሰው ከአጣማሪው ጋር ጎን ለጎን መሆን እንዳለበት፣ ወደ ታች የመታ ሰው ደግሞ ምቱን ተከትሎ ወደ ፊት የመግባት መብት እንዳለው ሁለቱ ያለ ንግግር ሊግባቡ ይገባል። በመካከላቸው የሚመጣውን ሻትል ማን እንደሚመታ ግን በቃል መስማማት ይሻላል፤ ብዙ ጥንዶች በመካከል የሚመጣው ሻትል በፎርሃንዱ፣ ማለትም ራኬት በያዘበት እጁ በኩል የሚመጣለት ሰው ይምታው የሚል ስምምነት አላቸው።

ስማሽን በተመለከተ ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በሚያዝያ 2023 ጃፓን ውስጥ በተደረገ ልዩ ሙከራ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር የተለካ ምት አስመዝግቦ ክብረ ወሰን ይዟል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ሆኖም በጥንድ ጨዋታ ሁለት ሰዎች 6.10 ሜትር ስፋት ያለውን ሜዳ ተካፍለው ስለሚከላከሉ አንድ ስማሽ ብቻውን ነጥብ የሚያስገኘው ከስንት አንዴ ነው። የስማሹ ዓላማ ደካማ መልስ ማስወጣት ነው፤ ያን መልስ መረቡ ላይ ቆሞ የሚጨርሰው አጣማሪው ነው። በመሆኑም ከኋላ የሚመታው ሰው ከኃይል ይልቅ አቅጣጫን ያስቀድም፤ የተከላካዩን ራኬት በያዘበት ጎን ያለውን ዳሌና የሁለቱን መካከል ዒላማ ያድርግ። ለዚህ ሁሉ እጅግ የሚጠቅመው ልምምድ ሁለት ለሦስት መጫወት ነው። ሦስቱ ተቃራኒዎች ክፍተት ስለማይተዉ ጥንዱ ከወትሮው የበለጠ ትዕግሥትና ፍጥነት እንዲያዳብር ይገደዳል።

አጣማሪ አመራረጥና አያያዝ

ወጣት ተጫዋቾች አጣማሪ ሲመርጡ ብዙውን ጊዜ ጓደኛቸውን ወይም በአካባቢያቸው ጎበዝ የተባለውን ሰው ይመርጣሉ። ሁለቱም መስፈርቶች በቂ አይደሉም። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የእርስዎን ጉድለት የሚሞላው ማን ነው የሚለው ነው። እርስዎ ከኋላ ጠንካራ መቺ ከሆኑ መረቡን የሚገዛ ሰው ይፈልጉ። እርስዎ በጨዋታ መካከል የሚቸኩሉ ከሆነ ረጋ ያለ ሰው ያስፈልግዎታል። ግራኝና ቀኝ መጣመራቸውም ጥቅም አለው፤ የሁለቱም ፎርሃንድ የተለያየ አቅጣጫ ስለሚሸፍን ተጋጣሚ ደካማ ጎን ለማግኘት ይቸገራል፤ የሻትሉ 16 ላባዎች ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ተደራርበው ስለሚሰኩ በግራ እጅና በቀኝ እጅ የሚቆረጥ ምት አካሄዱ የተለያየ ይሆናል።

ከአጣማሪ ጋር የተያያዘ ሙያ ምን እንደሚመስል ለማየት የኢንዶኔዥያዊቷን የግሬሲያ ፖሊን ጉዞ መከተል ይበቃል። ግሬሲያ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ከሜይሊያና ጃውሃሪ ጋር ተጣምራ ስትጫወት፣ በጥሎ ማለፉ የሚመች ተጋጣሚ ለማግኘት ሆን ብለው ለመሸነፍ ሞክረዋል ተብለው ከውድድሩ ከተሰረዙት አራት ጥንዶች አንዱ የእነርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ከኒትያ ክሪሺንዳ ማሄስዋሪ ጋር ተጣምራ በ2014 የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ አገኘች፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ግን ሩብ ፍጻሜ ላይ ተሰናበተች፤ ኒትያም በጉዳት ምክንያት ከሜዳ ራቀች። በ2017 ከእርሷ አሥር ዓመት ከምታንስ ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ተጣመረች። ልምድ ያላት ተጫዋች ገና በልምምድ ላይ ካለች ወጣት ጋር እንደ አዲስ መጀመር ሲኖርባት ብዙዎች ያን ጊዜ መሰናበትን ይመርጣሉ። ግሬሲያ ግን ልጅቷን እያስተማረች፣ ከልጅቷ ጉልበትም እየተማረች ቀጠለች። ነሐሴ 2 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ፣ በውድድሩ ዕጣ ከተለዩት ጠንካራ ጥንዶች መካከል ያልነበሩት ሁለቱ ቻይናውያኑን ቼን ቺንግቼንና ጂያ ይፋንን 21 ለ19 እና 21 ለ15 አሸንፈው ለኢንዶኔዥያ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኙ።

በዚያ ፍጻሜ ላይ የታየ አንድ ነገር ለጀማሪዎች ሁሉ ትምህርት ይሆናል። ሻትሉ በጨዋታ ላይ እያለ የግሬሲያ ራኬት ክር ተበጠሰ። ግሬሲያ ወደ ሜዳው ዳር ሮጣ ሌላ ራኬት አንሥታ እስክትመለስ ድረስ አፕሪያኒ ሜዳውን ብቻዋን ሸፍና ሻትሉን በሕይወት አቆየችው። ይህ እንዲሆን ሁለት ነገሮች አስቀድመው መሟላት ነበረባቸው። አንደኛው ሌላው ራኬት በእጅ በሚደረስበት ቦታ መቀመጡ ነው። ሁለተኛው አጣማሪዋ ምን እንደተፈጠረ በአንድ ምት ጊዜ ውስጥ መረዳቷ ነው። እርስዎም በተመሳሳይ ውጥረት የተወጠሩና ተመሳሳይ መያዣ ያላቸው ቢያንስ ሁለት መለዋወጫ ራኬቶች ቦርሳው ተከፍቶ በሜዳው ዳር እንዲቀመጡ ያድርጉ፤ አጣማሪዎም የት እንዳሉ ይወቅ።

ለረጅም ዘመን ከአንድ ሰው ጋር መቆየትም ይቻላል። ጃፓናውያኑ አያካ ታካሃሺና ሚሳኪ ማትሱቶሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ሲሆኑ፣ በሪዮ ፍጻሜ በመጨረሻው ጌም 16 ለ19 እየተመሩ አምስት ነጥብ አከታትለው በማስቆጠር ወርቁን ወስደዋል። እንዲህ ያለ መረጋጋት በዓመታት አብሮነት የሚገኝ እንጂ በአሠልጣኝ ትእዛዝ የሚመጣ አይደለም። በሌላ በኩል ኢንዶኔዥያዊው ሄንድራ ሴቲያዋን በ2008 ቤጂንግ ላይ ከማርኪስ ኪዶ ጋር የኦሊምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላ ከሞሐመድ አህሳን ጋር በ2013 እና በ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከሪዮ በኋላ ከአህሳን ተለያይቶ ከማሌዥያዊው ታን ቡን ሄኦንግ ጋር ተጫወተ፤ በ2018 ወደ አህሳን ተመልሶ በ2019 ባዝል ላይ 35ኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ ከእርሱ ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መለያየታቸው ጠብ ባለመሆኑ በሩ ክፍት ሆኖ ቆይቷል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ወጣቶች ሊወስዱት የሚገባው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ከአጣማሪ ጋር የሚለያዩበት መንገድ ከሚጣመሩበት መንገድ ባልተናነሰ ሙያን ይወስናል።

ስለዚህ ገና ሲጣመሩ ቁጭ ብለው በግልጽ ይነጋገሩ። የዓመቱ ግብ ምን እንደሆነ፣ ስንት ውድድር እንደሚጫወቱ፣ የአሠልጣኝና የጉዞ ወጪ እንዴት እንደሚከፈል፣ አንዱ በግሉ የሚያገኘው የስፖንሰር ገንዘብ የማን እንደሆነ፣ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ከሌላ ሰው ጋር መጫወት ይችል እንደሆነ፣ መለያየት ቢመጣ ከስንት ጊዜ በፊት መነገር እንዳለበት በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ዘመድ ወይም የልብ ጓደኛ ቢሆኑም እንኳ ይህን አይለፉት፤ በይሉኝታ ሳይነገር የቀረ ነገር ከጊዜ በኋላ ብዙ ጥንድ አፍርሷል። ከሽንፈት በኋላ ደግሞ በዚያው ምሽት ስለ ጨዋታው አለመወቃቀስ ጥሩ ልማድ ነው፤ በማግሥቱ አሠልጣኙ ባለበት ቪዲዮውን እያዩ መነጋገር ይሻላል። በሜዳ ላይ በጌም መካከል ያለው ዕረፍት 120 ሰከንድ፣ 11 ነጥብ ላይ ያለው ደግሞ 60 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚህ ጊዜያት የሚነገረው ቃል ቀጥሎ ስለሚደረገው ነገር ብቻ መሆን አለበት።

ደረጃ፣ ምዝገባና የውድድር ሰሌዳ

የዓለም ደረጃ የሚሰላው ባለፉት 52 ሳምንታት ከተመዘገቡት ውጤቶች መካከል አሥሩን ምርጦች በመደመር ነው። በጥንድ ደረጃው የጥምረቱ እንጂ የአንዱ ሰው አይደለም። አጣማሪ የቀየረ ተጫዋች በአዲሱ ጥምረት ስም ነጥብ እንደገና መሰብሰብ ይጠበቅበታል፤ ይህ ማለት ደግሞ ትልልቅ ውድድሮችን ያሸነፈ ሰው እንኳ ለጊዜው ወደ ዝቅተኛ ውድድሮች ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። በኦሊምፒክ ማጣሪያ ዓመት መካከል አጣማሪ መቀየር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በኦሊምፒክ እያንዳንዱ የጥንድ ዘርፍ በመደበኛው አሠራር 16 ጥንዶችን ብቻ ያሳትፋል፤ አንድ አገርም ሁለት ጥንድ ማስገባት የሚችለው ሁለቱም ከስምንቱ ምርጦች መካከል ከሆኑ ነው።

ጉዞው የሚጀመረው ፊውቸር ሲሪስ፣ ኢንተርናሽናል ሲሪስና ኢንተርናሽናል ቻሌንጅ ከሚባሉት ዝቅተኛ ውድድሮች ነው። ከእነዚህ በላይ በ2018 የተጀመረው ወርልድ ቱር ሲገኝ፣ እርከኖቹ ከሱፐር 100 ተነሥተው በ300፣ በ500 እና በ750 በኩል እስከ ሱፐር 1000 ይደርሳሉ። ከላይ ያሉት አሥር ጥንዶች ሱፐር 1000 እና ሱፐር 750 የሆኑትን ውድድሮች ሁሉ እንዲጫወቱ ይገደዳሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ለሚካሄደው ማጠቃለያ የሚያልፉት በየዘርፉ ስምንት ብቻ ናቸው። ወደ እነዚህ ውድድሮች የሚመዘገቡት በአገርዎ ፌዴሬሽን በኩል እንጂ በግልዎ አይደለም። ስለሆነም ከፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት ጋር መልካም ግንኙነት መያዝና የምዝገባ ቀነ ገደቦችን ራስዎ መከታተል የሥራው አካል ነው።

ለአፍሪካ ተጫዋቾች ይህ መንገድ ረዘም ያለና በወጪ የከበደ ቢሆንም ዝግ አይደለም። አዲስ አበባም በ2010ዎቹ ኢትዮጵያ ኢንተርናሽናል የተሰኘውን በታችኛው እርከን የሚመደብ ውድድር አስተናግዳለች። አገር ቤት ለሚለማመድ ተጫዋች አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህም የተነሣ ሻትል ከባሕር ጠረፍ ከተሞች ይልቅ በፍጥነትና በርቀት ይበርራል። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ሻትል እዚህ ሲመታ ከኋላ መስመር ይወጣል፤ ተጫዋቹም ሳያውቀው ምቱን መቆጠብ ይለምዳል። ከመጫወትዎ በፊት በደንቡ መሠረት ይፈትኑት። ከኋላ መስመር ቆመው ሻትሉን ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ሲመቱት ከተቃራኒው የኋላ መስመር ቢያንስ 53፣ ቢበዛ 99 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቢያርፍ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ካለፈ በቁጥር ዝቅ ያለ፣ ማለትም ቀርፋፋ የሆነ ሻትል ይግዙ። ወደ ጃካርታ ወይም ኳላ ላምፑር ለውድድር ሲሄዱ ደግሞ ጥቂት ቀናት ቀድመው በመድረስ ምትዎን ከከባዱና ከሞቃቱ አየር ጋር ያለማምዱ።

ክለብ፣ ብሔራዊ ቡድን ወይስ በግል?

የሙያው አደረጃጀት ከአገር አገር ይለያያል። በኢንዶኔዥያ ልጆች እንደ ፔቤ ጃሩምና ፔቤ ጃያ ራያ ባሉ ክለቦች አድገው ጃካርታ ቺፓዩንግ ወደሚገኘው ብሔራዊ ማዕከል ይገባሉ። በጃፓን ተጫዋቾች የኩባንያ ቡድን ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ይህም ከጉዳት በኋላ እንኳ ደመወዝ እንዲኖራቸው ያደርጋል። በዴንማርክና በጀርመን የክለብ ሊጎች አሉ፤ በአውሮፓ ከተሞች ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም በሰፈር ያለው ክለብ በቀላሉ የሚገኝ መግቢያ ነው።

ከብሔራዊ ቡድን ውጭ በግል መጫወትም ይቻላል። ማሌዥያውያኑ ጎህ ሴ ፌይና ኑር ኢዙዲን በ2024 ከማኅበራቸው ማዕከል ወጥተው በግል ከተጫወቱ በኋላ የዓለም አንደኛ ለመሆን በቅተዋል። ሆኖም የእነርሱን ፈለግ ለመከተል ከመወሰንዎ በፊት ማዕከሉ በነጻ ይሰጥዎ የነበረውን ሁሉ፣ አሠልጣኙን፣ ፊዚዮቴራፒስቱን፣ ሜዳውን፣ በየቀኑ የሚያልቀውን ሻትልና የሚለማመዱባቸውን ሌሎች ጠንካራ ጥንዶች ዋጋ አስልተው ይጻፉት። ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ነው፤ ጥሩ የልምምድ ተጋጣሚ በገንዘብም በቀላሉ አይገኝም።

ገቢና ወጪ

የጥንድ ሽልማት የሚሰጠው ለሁለቱ በጋራ ነው። ለምሳሌ በ2022 ኦል ኢንግላንድ ጠቅላላ ሽልማቱ 1,000,000 ዶላር ሲሆን፣ የነጠላ አሸናፊው 70,000 ዶላር ሲያገኝ የጥንድ አሸናፊዎች 74,000 ዶላር፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 37,000 ዶላር ተካፍለዋል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ሁለቱ ተጫዋቾች የአውሮፕላን ትኬት፣ የምግብና የሕክምና ወጪ የሚያወጡት እንደ ሁለት ሰው ነውና። ነገር ግን አሠራሩ ይኸው በመሆኑ በጀትዎን በእርሱ ላይ ተመሥርተው ያውጡ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዝቅተኛ ውድድሮች የሚገኘው ሽልማት የጉዞ ወጪን እንኳ ስለማይሸፍን፣ የክለብ ደመወዝ፣ የቁሳቁስ ስፖንሰርና ልጆችን ማሠልጠን የገቢው ዋና ምንጮች ናቸው። ዮኔክስን፣ ሊኒንግን ወይም ቪክቶርን ከመሳሰሉ አምራቾች ጋር ውል ሲፈራረሙ የብሔራዊ ቡድኑ ውል ከእርስዎ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድመው ይጠይቁ።

ሰውነትና ሥነ ምግባር

በጥንድ ጨዋታ ላይ በብዛት የሚጎዱት ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ትከሻና ዓይን ናቸው። ለዓይን ጥበቃ ልዩ ትኩረት ይስጡ፤ ከፊት የቆመ ሰው ዘወር ብሎ አጣማሪውን ሲያይ ሻትሉ ፊቱን ሊመታው ይችላል፤ ስለዚህ ከፊት ያለ ተጫዋች ወደ ኋላ ዞሮ አለመመልከትን ከልጅነቱ ይልመድ። በአበረታች መድኃኒት ተመርማሪዎች ዝርዝር ውስጥ ከገቡ በኋላ የት እንደሚገኙ ለመርማሪዎቹ ማሳወቅ ግዴታ ይሆናል፤ በ12 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጉድለት የተገኘበት ተጫዋች ምንም ሳይወስድ ሊታገድ ይችላል። በጨዋታ ማጭበርበርም ቅጣቱ ከባድ ነው፤ በ2018 ሁለት ማሌዥያውያን የ20 እና የ15 ዓመት እገዳ ተጥሎባቸዋል። አንድ ሰው ገንዘብ ይዞ ቢቀርብዎ እምቢ ማለት ብቻ በቂ አይደለም፤ ወዲያውኑ ለፌዴሬሽኑ ማሳወቅም ግዴታ ነው።

ለስንብት መዘጋጀት

ጥንድ ተጫዋቾች ከነጠላ ተጫዋቾች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ይችላሉ፤ ሄንድራ የተሰናበተው በ2025 መጀመሪያ በ40 ዓመቱ ነው። ከሜዳ በኋላ ያለው መንገድም ብዙ ነው። በ1996 ኦሊምፒክ ከሪኪ ሱባግጃ ጋር ወርቅ ያገኘው ሬክሲ ማይናኪ በእንግሊዝ፣ በማሌዥያና በታይላንድ አሠልጥኗል። በቶኪዮና በፓሪስ ከዋንግ ቺሊን ጋር ተከታታይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው ሊ ያንግ በ2025 የታይዋን የስፖርት ሚኒስትር ሆኗል። አሠልጣኝ ለመሆን የሚያስቡ ከሆነ የዓለም ፌዴሬሽኑን የመጀመሪያ ደረጃ የአሠልጣኝነት ኮርስ እየተጫወቱ ሳሉ ይውሰዱ።

ስንብቱን ከማወጅዎ በፊት አጣማሪዎ ቀኑን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከተቻለም የሚተካዎትን ሰው አብረው ይፈልጉ። ግሬሲያ በሰኔ 2022 በጃካርታው ኢስቶራ አዳራሽ በይፋ ስትሰናበት፣ አፕሪያኒ ከሲቲ ፋዲያ ሲልቫ ራማዳንቲ ጋር ተጣምራ ከአንድ ወር በፊት ቬትናም ውስጥ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎችን ወርቅ አግኝታ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ከዚችው አዲስ አጣማሪዋ ጋር የማሌዥያ ኦፕንን አሸነፈች። ለፌዴሬሽኑና ለአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪው የስንብት ማስታወቂያውን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ሐሳብዎን ቀይረው ለመመለስ ቢፈልጉ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ ማሳወቅና በእነዚያ ወራት ለምርመራ ዝግጁ ሆነው መቆየት ይጠበቅብዎታል።